ከሪሚኒ እስከ ፒያቼንሣ፤ በአንድ መንገድ ላይ ስለሚገኙ የኢጣልያ ምግቦች

በአገራችን ከተሞች የኢጣልያ ምግብ ሲባል በብዙ ሰው ልብ የሚታሰበው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ፓስታ ከቲማቲም ሳልሳ ጋር ነው። ወደ ኢጣልያ ተሻግሮ በአውቶሞቢል ከከተማ ወደ ከተማ ለሚጓዝ ሰው ግን የኢጣልያ ምግብ የሚባል አንድ ምግብ ፈልጎ ማግኘት ጭንቅ ይሆንበታል፤ እያንዳንዱ ከተማ የራሱን ምግብ እንደ ርስት ቈጥሮ ይጠብቃልና። ምክንያቱም ሩቅ አይደለም። የኢጣልያ መንግሥት የታወጀው በ1861 ዓመት ነው፤ ከዚያ በፊት ሞዴናም ፓርማም ለየራሳቸው መስፍን፥ ቦሎኛና ሪሚኒ ደግሞ ለሮማው ጳጳስ ይገዙ ነበር። በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ለጉዞ የመረጥነው የኤሚልያን መንገድ ነው። ይህን መንገድ ማርቆስ ኤሚልዮስ ሌጲዶስ የተባለ የሮማ ቆንሱል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ187 ዓመት አሠራው፤ ከአድርያቲክ ባሕር ዳር ከሪሚኒ ተነሥቶ እንደ ተወጠረ ገመድ ቀጥ ብሎ እስከ ፒያቼንሣ ይደርሳል። ርዝመቱ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ የሚቸኵል ሰው በአንድ ቀን ይጨርሰዋል፤ እኛ ግን በየከተማው ከገበታ መቅረብ ስለ ነበረብን ብዙ ቀን ፈጀብን።

በሪሚኒ አካባቢ የሕዝቡ እንጀራ ፒያዲና የሚሉት ስስ የስንዴ ቂጣ ነው። ዛሬ በብረት ላይ የሚጋግሩት ብዙዎች ናቸው፤ የዱሮው ምጣድ ግን የሸክላ ነው፤ ሞንቴቲፊ በምትባል የተራራ መንደርም እስከ አሁን ይሠራል። ሸክላውን ባየን ጊዜ የእናቶቻችን ማድ ቤት ትዝ አለን። ቂጣውን ትኵስ እንዳለ አጥፈው ለስላሳ አይብ ያገቡበታል።

ከዚያ ጥቂት አልፎ ፎርሊምፖፖሊ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በ1851 ዓመት ሽፍቶች የከተማይቱን ቴያትር ቤት ከነተመልካቹ ይዘው ባለጠጎቹን ዘረፉ፤ ከተዘረፉትም ቤቶች አንዱ የአርቱዚ ቤት ነበረ። ቤተ ሰቡ ከዚህ በኋላ ወደ ፊሬንሤ ተሰደደ፤ ልጁ ፔሌግሪኖም በዚያ ነግዶ ከበረ። በ71 ዓመቱ፥ በ1891፥ ስለ ማድ ቤት ሥራ የጻፈውን መጽሐፍ የሚያትምለት ቢያጣ በራሱ ገንዘብ አሳተመው። መጀመሪያ 475 የነበረው የምግብ አሠራር በየጊዜው እየተጨመረበት 790 ደረሰ፤ ከየአገሩ ያሉ ወይዛዝርት የቤታቸውን ሙያ በደብዳቤ ይልኩለት ነበርና። አርቱዚ በ1911 ሲሞት የመጽሐፉን ጥቅም የተናዘዘው አብረውት ለደከሙት ለሁለቱ የማድ ቤት ሠራተኞቹ ነው። ይህን ኑዛዜ ከመጽሐፉ ባላነሰ እናመሰግነዋለን።

በቦሎኛ ሊጡ የሚቦካው በዕንቍላል ነው፤ ለ100 ግራም ዱቄት አንድ ዕንቍላል ይበቃል። ሴቶቹ በረዥም የእንጨት መዳመጫ እየዳመጡ እንደ ሻሽ ካሳሱት በኋላ ጠቅልለው በቢላዋ ይቈርጡታል፤ ስሙም ታሊያቴሌ ይባላል። በ1972 ዓመት የዚህ ቍራጭ ስፋት በውል አዋዋይ ፊት ተጽፎ በከተማይቱ የንግድ ምክር ቤት ተቀመጠ። በተቀቀለ ጊዜ 8 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይገባል፤ ይህም ቦሎኛ ከምትኰራበት ከአዚኔሊ ግንብ ቁመት ከ12,270 እጅ አንዱ እጅ ነው ተብሎ ተወስኗል። ፓስታን በግንብ መለካት የሚያስቅ ነገር ይመስላል፤ መዝገብ ስንጽፍ ለኖርን ለእኛ ግን እጅግ ደስ አለን፤ ስፋቱ ያልተጻፈ መሬት ድንበሩ እንደሚገፋ እናውቃለንና። የሥጋው ወጥ አሠራርም በ1982 እንዲሁ ተጽፎ ገብቷል። በዓለም ሁሉ የቦሎኛ ስፓጌቲ እየተባለ የሚሸጠውን ምግብ የቦሎኛ ሰው የኔ ነው አይልም፤ ይህ ወጥ በዚያ ከተማ የሚቀርበው ከታሊያቴሌ ጋር ነው።

በዚህ መንገድ የሚሄድ ያገራችን ሰው የእርያ ሥጋ አለበት ወይ ብሎ መጠየቅን ሊለምድ ይገባዋል፤ በወጡም፥ በመረቅ ውስጥ በሚበላው በቶርቴሊኒም ይገባልና። ስለ ቶርቴሊኒ ቅርጽ አመጣጥ የሚተርኩት ተረት ለዚህ ገጽ የማይስማማ ስለ ሆነ እናልፈዋለን።

ሞዴና የአቼቶ አገር ናት። የወይኑን ጭማቂ በእሳት ቀቅለው ካወፈሩት በኋላ መጠናቸው እየቀነሰ በሚሄድ በርሜሎች ይከቱታል፤ በርሜሎቹም የባሉጥ፥ የቼሪ፥ የእንጆሪ ዛፍና የጥድ ዓይነት እንጨት ናቸው። የሚቀመጡት እንደ ወይን ጠጅ በምድር ቤት አይደለም፤ የበጋው ሙቀትና የክረምቱ ብርድ እንዲፈራረቅባቸው ከጣራው ሥር ነው። በየዓመቱ ከትንሹ በርሜል ጥቂት ይቀዳል፤ የተቀዳውም ከሚቀጥለው በርሜል ይተካል፤ በርሜሉ ከቶ ባዶ አይሆንም። 12 ዓመት ያልሞላው የዱሮው የሞዴና አቼቶ ተብሎ አይሸጥም፤ የከበረው 25 ዓመት ይቈያል፤ የሚሸጥበትም ጠርሙስ ትንሽ ነው። ሴት ልጅ በተወለደች ጊዜ አዲስ በርሜሎች ተክሎ ስትዳር ይዛቸው እንድትሄድ ማድረግ በዚያ አገር የኖረ ልማድ ነው። አባት የልጁን ሠርግ ከልደቷ ቀን ጀምሮ የሚያሰናዳበትን ይህን ልማድ ከጉዞው ሁሉ ይልቅ ወደድነው።

ከሞዴና እስከ ፓርማ ያለው ሜዳ የፓርሚጃኖ አይብ ርስት ነው። የማታው ወተት ሲያድር ሥልባቦቱ ይገፈፋል፤ ከጧቱ ወተት ጋር ተደባልቆ በመዳብ ጋን ይሞቃል፤ በጥጃ ጨጓራ እርሾም ይረጋል። 40 ኪሎ ያህል ለሚመዝን አንድ አይብ 550 ሊትር የሚያህል ወተት ይገባበታል። 20 ቀን ያህል በጨው ውኃ ከዋለ በኋላ ቢያንስ 12 ወር በመደርደሪያ ይቀመጣል፤ ያን ጊዜ መርማሪው በትንሽ መዶሻ እየመታ ድምፁን ያዳምጣል፤ ጕድለት ያገኘበት እንደ ሆነ በቅርፊቱ ያለው ስም ተፍቆ ይነሣል። ላሞቹ ድርቆሽና ሣር እንጂ በጕድጓድ የተቦካ መኖ አይበሉም። ይህ ሁሉ ወጪ ነውና፥ ስሙን ማንም እንደ ልቡ የሚጽፈው ቢሆን ገበሬው ድካሙን በተወ ነበር። ስለዚህ አምራቾቹ በ1934 ማኅበር አቆሙ፤ በ2008ም የኤውሮፓ ፍርድ ቤት ፓርሜዛን የሚለው ስም ይህንኑ አይብ የሚያሳስብ መሆኑን ገለጠ። በዚያ አገር አይቡን በመያዣነት ተቀብሎ ለባለቤቱ ገንዘብ የሚያበድር ባንክ አለ።

በግንቦት ወር 2012 ዓመት ሁለት ጊዜ ብርቱ የምድር መናወጥ ሆኖ ብዙ ሰው ሞተ፤ መደርደሪያዎቹም ወድቀው በመቶ ሺህ የሚቈጠር አይብ ተሰባበረ። የሁለት ዓመት ድካም በአንድ ሌሊት መሬት ላይ ተበተነ። ማሲሞ ቦቱራ የተባለው የሞዴና ወጥ ቤት ያን ጊዜ ሩዝ በዚሁ አይብ የሚሠራበትን ዘዴ አወጣ፤ በብዙ አገር ያሉ ሰዎችም የተሰበረውን አይብ እየገዙ ያንኑ ምግብ በየቤታቸው ሠሩ።

የፓርማ ስመ ጥር ፕሮሹቶ የእርያ ጭን ስለ ሆነ እኛ አልቀመስነውም። ሥራውን ግን አየን፤ ከሥጋውና ከጨው በቀር ምንም አይገባበትም፤ በላንጊራኖ ኰረብታ ነፋስ ከአንድ ዓመት በላይ ይደርቃል፤ መርማሪውም ከፈረስ አጥንት የተሠራ መርፌ ወግቶበት በማሽተት ይፈርዳል።

መንገዱ በፒያቼንሣ ያልቃል። በዚያ ፒዛሬይ የሚባል የድኻ ምግብ አለ፤ የደረቀ ዳቦ ፍርፋሪ በሙቅ ውኃ ርሶ ከዱቄት ጋር ይቦካል፤ ከባቄላ ፍሬ የማይበልጥ እየተቈነጠረም በአውራ ጣት ይደፈጠጣል፤ የሚበላውም ከቦሎቄ ወጥ ጋር ነው። በዱሮ ዘመን ለልጅዋ ሚስት የምትፈልግ እናት የልጅቱን አውራ ጣት ትመለከት ነበር ይባላል፤ ቆዳው ጠንክሮ የተገኘ እንደ ሆነ ባለሙያ ናት ትላለች። ከከተማይቱ ወዲያ ፖ የሚባለው ታላቅ ወንዝ ይፈሳል፤ ማዶው የሎምባርድያ አገር ነው፤ በዚያም ሩዝና ቅቤ ይበላል።