የፋብሪካ ነርስ ሥራዋ ፓራሲታሞል ማደል አይደለም

ብዙ አሠሪዎች የድርጅታቸውን ክሊኒክ የሚያውቁት በፓራሲታሞል፣ በፋሻና በሕመም ፈቃድ ወረቀት ነው። የሙያ ጤንነት ነርስ ዋና ሥራ ግን ከክሊኒኩ ውጭ፣ ማሽኑ አጠገብ ነው።

የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካን ውሰዱ። የጥጥ ብናኝ ለዓመታት የተነፈሰ ሠራተኛ ቢሲኖሲስ የሚባል የሳንባ ሕመም ሊይዘው ይችላል። መጀመሪያ ላይ ደረቱን የሚጨመድደው ከእረፍት በተመለሰበት ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰኞ ነው። ወደ ሳምንቱ መጨረሻ ቀለል ይለዋል። «ጉንፋን ነው» ብሎ የሸኘው ባለሙያ በሽታውን አሳለፈው። ሙያው የገባት ነርስ ግን «የሚብስብዎት የትኛው ቀን ነው? የሚሠሩት የትኛው ክፍል ነው?» ትላለች። ከአንድ ክፍል ብዙ ሰው ተመሳሳይ መልስ ከሰጣት ጥያቄዋ ወደ አየር ማስወጫው ይዞራል፤ ሽሮፕ ብናኝ አያጠፋም!

አበባ እርሻ ላይ ደግሞ ኦርጋኖፎስፌት የተባለ ፀረ ተባይ የሚረጩ ሠራተኞች ሥራ ሳይጀምሩ ኮሊንስትሬዝ የተባለው ኢንዛይም የደም ምርመራ ያስፈልጋቸዋል። የኢንዛይሙ መነሻ መጠን ካልተመዘገበ፣ ኬሚካሉ በኋላ እንዳወረደው በምን እናውቃለን?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አዲስ ተቀጣሪዎችንና አደገኛ ሥራ ላይ ያሉትን፣ እንደ ሥራው ጠባይ፣ በራሱ ወጪ የማስመርመር ግዴታን በአሠሪው ላይ ጥሏል። የኤችአይቪ ምርመራ ግን በዚህ አይካተትም።

በእኔ እምነት የነርስነት ዲግሪ ብቻውን ለዚህ ሥራ አይበቃም። ስፓይሮሜትሪ (የሳንባ አቅም ምርመራ)፣ የመስማት ምርመራና የስጋት ግምገማ ተጨማሪ ሥልጠና ይሻሉ።

አሠሪዎች፣ ነርሳችሁን አሠልጥኑ፤ ምርት ክፍል ገብታ እንድትዞር ፍቀዱላት፤ ያየችውንም በጽሑፍ ተቀበሏት።