መደመር ያወቀ አይታለልም

ድሬዳዋ የተቆረቆረችው በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ እዚያ በደረሰ ጊዜ ነው። በከተማዋ ውስጥ ቀፊራ የሚባል የታወቀ ገበያ አለ። በዙሪያው ካለው ገጠር አትክልትና ፍራፍሬ እየመጣ ይሸጥበታል።

አንድ ገበሬ ቲማቲሙን በሣጥን አድርጎ ቀፊራ ገባ እንበል። ሣጥኖቹን ሲከምራቸው በርዝመት 4፣ በወርድ 4፣ ወደ ላይም 4 ሆኑ። ነጋዴው በዓይኑ ገምቶ «60 ሣጥን ነው» አለው። እውነት 60 ነው? ክምሩን ሳናፈርስ እንዴት እናውቃለን?

ከታች የተደረደረው 4 ጊዜ 4፣ ማለት 16 ሣጥን ነው። ይህ 16 አራት ጊዜ ስለ ተነባበረ በጠቅላላው 64 ይሆናል። ገበሬው በ60 ቢስማማ የ4 ሣጥን ዋጋ ቀረበት ማለት ነው።

ማባዛት ገና ካልለመድንስ? መደመር ይበቃናል። ጥንድ ጥንድ ስናደርጋቸው አንድ የሚተርፋቸውን ጎዶሎ ቁጥሮች በተራ እንጻፍ። በመጀመሪያው መስመር አንድ ቁጥር፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው ሦስት እያደረግን እንቀጥል። ጽሑፉ ወደ ታች እየሰፋ ሦስት ማዕዘን ይሠራል። እንደምራቸው፦

1 = 1
3 + 5 = 8
7 + 9 + 11 = 27
13 + 15 + 17 + 19 = 64

ሁለተኛው መስመር 8 ሆነ፤ ይህ በሁሉም በኩል 2 የሆነ ክምር ነው። ሦስተኛው 27 ሆነ፤ ይህም በሁሉም በኩል 3 የሆነ ነው። አራተኛው መስመር ደግሞ የገበሬያችን 64 ሣጥን ነው።

ነገሩ እንዴት ሊሆን ቻለ? አራተኛውን መስመር እንይ። ከ19 ላይ 3 አንሥተን ለ13 ብንሰጥ ሁለቱም 16 ይሆናሉ። ከ17 ላይ 1 አንሥተን ለ15 ብንሰጥ እነሱም 16 ይሆናሉ። እንግዲህ አራት 16 አገኘን። እነዚህም አራቱ የሣጥን ንብብሮች ናቸው።

ይህን ሥርዓት ከ1900 ዓመት ገደማ በፊት የኖረ ኒቆማኮስ የተባለ ሊቅ ያውቀው ነበር። የኖረባት ከተማ ጌራሳ በዛሬዪቱ ዮርዳኖስ ውስጥ ትገኛለች።

አሁን አምስተኛውን መስመር ከ21 ጀምረን አምስት ቁጥሮች እንጻፍና እንደምር። 125 ከመጣልን በትክክል ሠርተናል።

ፊደል ቆጥረናል፤ ሣጥናችንንም እንቁጠር። የላባችንን ዋጋ በሰው ግምት ከመቀበል ራሳችን ደምረን መናገር ይሻለናል።