ያውቁ ኖሯል? እጁን ያነሳው ብር፣ እግሩን የዘረጋው ወርቅ
በእስያ ጨዋታዎች የሮለር ስኬቲንግ ውድድር አንድ ቡድን የጨበጠውን ወርቅ በ0.01 ሰከንድ እንዳጣ ያውቁ ኖሯል?

ነገሩ የሆነው በቻይናዋ ሃንግዡ ከተማ፣ መስከረም 21 ቀን 2016 ዓ.ም. በወንዶች የ3,000 ሜትር ቅብብል ፍጻሜ ላይ ነው። በዚህ ስፖርት ዱላ የለም፤ ተረኛው ከኋላ በእጅ ተገፍቶ ይወነጨፋል። የደቡብ ኮሪያው የመጨረሻ ተወዳዳሪ ጁንግ ቼኦል ዎን እየመራ መስመሩ ጋ ሲደርስ ቀና ብሎ ሁለት እጆቹን ወደ ላይ ሰቀለ። ከጎኑ የነበረው የታይዋኑ ሁዋንግ ዩ ሊን ግን እስከ መጨረሻው ታግሎ ግራ እግሩን ወደፊት ዘረጋ። አሸናፊው የሚለየው ቀድሞ መስመሩን በሚነካው ጫማ ነውና ታይዋን በ4 ደቂቃ ከ5.692 ሰከንድ አንደኛ ሆነች። ኮሪያ 4 ደቂቃ ከ5.702 ሰከንድ ተመዘገበላት። ኮሪያውያኑ ውጤቱን የሰሙት ባንዲራቸውን ይዘው እየጨፈሩ ሳለ ነው፤ በእውነት ልብ ይሰብራል።

ያመለጣቸው ሜዳሊያው ብቻ አይደለም። በደቡብ ኮሪያ ሕግ በእስያ ጨዋታዎች ወርቅ ያገኘ ወንድ ስፖርተኛ ከረጅሙ የግዴታ ወትድርና ነፃ ይሆናል።

ይበልጥ የሚገርመው ደግሞ ወር ሳይሞላ የመጣው ነው። ሁዋንግ ራሱ በአገሩ ብሔራዊ ጨዋታዎች የ1,000 ሜትር ፍጻሜ፣ መስመሩን ሳያልፍ ደስታውን ገልጾ በ0.03 ሰከንድ ተቀደመ።