መመርመሪያዋ ያላየችው ወባ

በቆላ አካባቢ ባለ ጤና ኬላ የወባ ምርመራ ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ትኩሳት ይዞት የመጣው ሰው ጣቱ ይወጋል፤ አንዲት ጠብታ ደም በትንሽ የፕላስቲክ መመርመሪያ ላይ ትደረጋለች፤ ከዚያ ሩብ ሰዓት ያህል ይጠበቃል። አንድ መስመር ብቻ ከታየ ወባ የለም። ሁለተኛው መስመር ብቅ ካለ ወባ አለ፤ መድኃኒቱም እዚያው ይሰጣል። መብራትም ማይክሮስኮፕም በሌለበት ገጠር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የምትመካው በዚህች መመርመሪያ ነው።

ሁለተኛው መስመር መውጣት ሲገባው ባይወጣስ?

መመርመሪያዋ የወባን ተሕዋስ ራሱን አታይም። የምትፈልገው ዱካውን ነው። በአፍሪካ የሚሠራባቸው አብዛኞቹ መመርመሪያዎች የሚይዙት፣ ፋልሲፓረም የተባለው ገዳዩ የወባ ዓይነት በታማሚው ደም ውስጥ የሚለቀውን ኤች አር ፒ 2 የተሰኘ ፕሮቲን ነው። ይህን ፕሮቲን እንዲሠራ ለተሕዋሱ ትእዛዝ የሚሰጠው አንድ ጂን ነው። ጂኑ የሚገኘው በ8ኛው ክሮሞዞም ጫፍ አካባቢ ነው፤ ጫፍ ደግሞ ለመበጠስ ይቀርባል። ጂኑ ተቆርጦ ሲጠፋ ተሕዋሱ አይሞትም። እንደ ወትሮው ይራባል፣ ያሳምማል፣ ይገድላል። መመርመሪያዋ ግን ደብዛው ይጠፋባታል። ኤች አር ፒ 3 የተባለው ተመሳሳይ ጂንም አብሮ ከጠፋ መሸሸጊያው ሙሉ ይሆናል።

እንዲህ ዓይነት ተሕዋስ በሰው ላይ መገኘቱ መጀመሪያ የተዘገበው እ.ኤ.አ. በ2010 ከፔሩ አማዞን ነው። ብዙም ሳይቆይ ነገሩ በአፍሪካ ቀንድም ታየ። ኤርትራ ውስጥ በጊንዳዕና በምጽዋ ሆስፒታሎች፣ በማይክሮስኮፕ ወባ የታየባቸው ሕሙማን በፈጣን መመርመሪያ ሲታዩ "ነፃ" ይባሉ ነበር። ናሙናቸው በዘረመል ምርመራ ሲታይ ጂኑ ከብዙዎቹ ተሕዋስያን ላይ ጠፍቷል። ኤርትራም እ.ኤ.አ. በ2016 መመርመሪያዋን በሌላ ዓይነት ቀየረች።

ወሰን ለሰው እንጂ ለወባ አይሠራም። የኢትዮጵያ የህብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎችም ከውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ከኤርትራ፣ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን ጋር በሚዋሰኑ የትግራይ፣ የአማራና የጋምቤላ አካባቢዎች 12,572 ሰዎችን መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ውጤታቸው፣ ኤች አር ፒ 2ን ብቻ የሚፈልግ መመርመሪያ በጂኑ መጥፋት ምክንያት ከ100 የፋልሲፓረም ታማሚዎች ወደ 10 የሚጠጉትን (9.7 በመቶ) እንደሚያሳልፍ ገመተ። የዓለም ጤና ድርጅት መመርመሪያ ይቀየር የሚለው ቁጥሩ 5 በመቶ ሲያልፍ ነው።

እስከዚህ ድረስ የተገኘው መልስ "ጂኑ ጠፍቷል" የሚል ነው። ጂኖሙን ማንበብ የጨመረው ነገር፣ ከየት እንደመጣና እንዴት እንደተስፋፋ ነው። ሽማግሌዎች ለጋብቻ ሰባት ቤት ቆጥረው ሁለት ሰዎች ይዛመዱ እንደሆነ እንደሚያጣሩ ሁሉ፣ ተመራማሪዎችም የሁለት ተሕዋስያንን ዘረመል ፊደል በፊደል አስተያይተው ዝምድናቸውን ይቆጥራሉ። ቆጥረውም በሁሉም አካባቢዎች የኤች አር ፒ 2 ጂን የተቆረጠበት ሁኔታ አንድ ዓይነት ሆኖ አገኙት። አንድ ዘር፣ በቅርብ ጊዜ፣ በፍጥነት ተስፋፍቷል ማለት ነው።

ለምን እሱ ተለይቶ በዛ? ተመራማሪዎቹ የሚሰጡት ማብራሪያ ያሳስባል። ጂኑ ያለው ተሕዋስ በመመርመሪያዋ ይያዛል፤ ታማሚው መድኃኒት ይወስዳል፤ ተሕዋሱ ይሞታል። ጂኑ የሌለው ያመልጣል፤ ታማሚው ሳይታከም ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ትንኝ ትነክሰዋለች፤ ተሕዋሱም ወደ ጎረቤት ይሻገራል። ሰው ለመዳን የሠራት መመርመሪያ ወንፊት ሆና የማትይዘውን ዘር እየመረጠች አበዛችው።

ከዚሁ ጥናት የተገኙ የ609 ታማሚዎች ናሙናዎች እንደገና ሲነበቡ ደግሞ ሌላ ነገር ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2023 በታተመው በዚህ ሥራ፣ 8 በመቶ የሚሆኑት ታማሚዎች የያዙት ተሕዋስ ኬልች 13 በሚባለው ጂን ላይ 622አይ የተሰኘ ሚውቴሽን ነበረው። ይህ ለውጥ ኮአርተም የተባለው የወባ መድኃኒት ዋና አካል የሆነውን የአርቴሚሲኒን ዝርያ መድኃኒት በከፊል ከመቋቋም ጋር የተያያዘ ነው። ለውጡ ያለባቸው ተሕዋስያንም እርስ በርስ የቅርብ ዘመዳሞች ሆነው ተገኙ። ከእነሱ መካከል 8.2 በመቶዎቹ ደግሞ መመርመሪያዋ የምትፈልጋቸውን ጂኖችም አጥተዋል። አንዱ ተሕዋስ ከመመርመሪያም ለመሸሸግ፣ መድኃኒትንም ለመቋቋም የሚያስችለውን ይዞ መገኘቱ ነው።

ድሬዳዋ የሆነው ይህን ሁሉ አንድ ላይ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2022፣ ዝናብ በማይበዛበት ወቅት፣ ከተማዋ ውስጥ ወባ በድንገት ተነሣ። በአርማወር ሀንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ሳይንቲስቶች የሚመራ ቡድን የታማሚዎቹን ቤተሰቦችና ጎረቤቶች መረመረ፤ በየቤቱ ዙሪያ ትንኞችንም ሰበሰበ። የተገኘችው በብዛት አኖፌለስ ስቴፈንሲ ነበረች። ይህች ትንኝ የእስያ ናት፤ በአፍሪካ መጀመሪያ የታየችው እ.ኤ.አ. በ2012 በጂቡቲ ሲሆን፣ በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ስትገኝ ማንነቷ በዲ ኤን ኤ ምርመራ ጭምር ተረጋግጧል። የገጠር ኩሬ አትጠብቅም፤ በበርሜል፣ በውኃ ታንከርና በግንባታ ቦታ በተጠራቀመ ውኃ ትራባለች። የታማሚዎቹ ተሕዋስያን ጂኖም ሲታይ ደግሞ አንድ ዘር ከቤት ቤት እየተላለፈ መሆኑን፣ መድኃኒትንና መመርመሪያን የማምለጥ ምልክቶችም እንዳሉበት አሳየ። ወባ የገጠር በሽታ ናት ለሚል የከተማ ሰው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ይህ ሁሉ ምርምር የሚጀምረው በጣም ቀላል በሆነ ነገር ነው። ከጣት የተወሰደች የደም ጠብታ በማጣሪያ ወረቀት ላይ ትደርቃለች፤ ወረቀቱ ያለ ማቀዝቀዣ በፖስታ ተጠቅልሎ ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል። ጠብታዋን የምትወስደው የጤና ባለሙያ እና ጂኖሙን የሚያነበው ተመራማሪ ላይተዋወቁ ይችላሉ፤ ሥራቸው ግን አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር መጀመሪያ እስከ ጥቅምት 20 ባለው ጊዜ ብቻ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በወባ መታመማቸውና 1,157 መሞታቸው ተመዝግቧል። ይህን በሚያህል ሸክም ፊት፣ ተሕዋሱ በየጊዜው ምን እንደቀየረ ማንበብ የሁልጊዜ ሥራ መሆን አለበት፤ በጀትም፣ ሰውም፣ መሣሪያም ሊመደብለት ይገባል።

ለዚህ ጽሑፍ አንባቢ ደግሞ አደራ አለ። ምርመራው "ወባ የለም" ብሎ ትኩሳቱ ግን ካልበረደ ቤት አትቀመጡ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ተመለሱና ደማችሁ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ጠይቁ። ኮአርተም ከታዘዘላችሁ ቢሻላችሁም እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ውሰዱ። በግቢያችሁ ያለውን በርሜልና ታንከርም ዛሬውኑ ክደኑ።