ትምባሆን ከተዉ በኋላ ስለሚመጣው ቍጣና ትካዜ

ትምባሆ የሚያደርሰውን ጕዳት የማያውቅ ሰው ዛሬ ይገኛል ለማለት አይቻልም። ሳንባን እንደሚያበላሽ፣ የልብን የደም ሥር እንደሚያጠብ፣ ካንሰር የተባለውንም ክፉ በሽታ እንደሚያመጣ ሐኪሞች ደጋግመው ተናግረዋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ዐዋጅ ቍጥር 1112 ሕዝብ በሚሰበሰብበት ስፍራ ውስጥ ትምባሆ እንዳይጠጣ፣ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላውም እንዳይሸጥ ከልክሏል። ስለዚህ ትምባሆ ክፉ ነው ብሎ መጻፍ የታወቀውን መድገም ይሆናል። እኛ ዛሬ ልንናገር ያሰብነው ግን ይህን ሁሉ ምክር ሰምቶና ልቡን አጨክኖ ትምባሆውን የተወ ሰው ከዚያ በኋላ በቤቱና በሥራው ላይ ስለሚደርስበት ነገር ነው። ብዙውን ሰው ወደ ኋላ ከሚመልሱት ብርቱ ነገሮች አንዱ ይኸው ሆኖ ሳለ፣ ስለ እርሱ ሲነገር የሚሰማው ጥቂት ነው።

ነገሩም እንዲህ ነው። አንድ የቤተ ሰብ አባት 15 ዓመት ሙሉ ሲጠጣው የኖረውን ሲጃራ ሰኞ ጧት ይተዋል። ሰኞን እንደ ጀግና ይውላል። ማክሰኞ ራሱን ይከብደዋል። ረቡዕ በደረሰ ጊዜ ግን ልጁ ብርጭቆ ከጠረጴዛ ላይ ሲያኖር ድምፁ እንደ መድፍ ይሆንበታል፤ በመሥሪያ ቤቱ አንድ ባለጕዳይ ያንኑ ነገር ሁለተኛ ጊዜ ቢጠይቀው ይጮኽበታል፤ ማታም ራት ቀርቦለት ሳይቀምስ ግድግዳ ግድግዳውን ሲያይ ያመሻል። ሚስቱ ታግሣ ታግሣ ሐሙስ ዕለት «እባክህ ሂድና ጠጣው፤ ከዚህ ጠባይህስ ጢሱ ይሻለናል» ትለዋለች። እርሱም ይህን ቃል ሲጠብቅ የቈየ ይመስል ወደ ሱቅ ይገሠግሣል። የመጀመሪያውን ጢስ በሳበ ጊዜ ቍጣው እንደ ጉም ይበንናል፤ ልጁንም ጠርቶ ይስመዋል። ከዚህም በኋላ በዚያ ቤት ያለው ሰው ሁሉ፣ ባለቤቱም ራሱ፣ «ለእርሱስ ትምባሆው መድኃኒቱ ነው» ብሎ ይፈርዳል።

ይህ ፍርድ የተሳሳተ ነው። ነገር ግን በዐይን የታየ ነገር ስለሚመስል በባዶ ቃል የሚሻር አይደለምና ምክንያቱን መግለጥ ያስፈልጋል።

በትምባሆ ውስጥ ኒኮቲን የሚባል ነገር አለ። ጢሱ በተሳበ ጊዜ ኒኮቲኑ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ከሳንባ ወደ አንጎል ይደርሳል፤ በዚያም ደስታንና ንቃትን የሚያመጣው ዶፓሚን የተባለው ቅመም እንዲፈልቅ ያደርጋል። ሆኖም ቶሎ የሚሄድ እንግዳ ነው፤ በደም ውስጥ ከነበረው ግማሹ በ2 ሰዓት ያህል ውስጥ ይጠፋል። አንጎልም ይህ እንግዳ በየጊዜው ስለሚመላለስበት የሚቀበልባቸውን በሮች ያበዛቸዋል። እነዚህ የበዙት በሮች እንግዳቸው በቀረ ጊዜ ሰውየው ይነጫነጫል፤ ይተክዛል፤ ሐሳቡ ይበተናል፤ እንቅልፍም ያጣል። አንድ ሲጃራ ሲጠጣ በሮቹ ለጊዜው ይሞላሉና ይረጋጋል። እንግዲህ ትምባሆው ያበረደው ቍጣ ራሱ ትምባሆው ያመጣው ቍጣ ነው ማለት ነው። የወለዱን መክፈያ ደግሞ በወለድ የሚያበድር አራጣ አበዳሪ ቢኖር፣ ባለዕዳው ገንዘቡን በተቀበለ ቍጥር ቢያመሰግነው እንደማይፈረድበት፣ የሲጃራ ጠጪውም ምስጋና እንዲሁ ነው።

ለዚህ ምስክር የሚሆን በአገራችን በየዓመቱ የሚታይ ነገር አለ። በረመዳን ወር ትምባሆ የለመደ ጿሚ ከንጋት ጀምሮ ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ጢስ ወደ አፉ አያስገባም። ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ሲሆን ፊቱ ይጠቍራል፤ ትንሹም ነገር ይከብደዋል። አጠገቡ ያለው ትምባሆ የማያውቀው ወንድሙ ግን እኩል ተርቦና እኩል ተጠምቶ ሳለ ከእርሱ ይልቅ ረጋ ብሎ ይታያል። ልዩነቱን ያመጣው ጾሙ ሳይሆን ኒኮቲኑ ነው። ደግሞም ነገሩን በቅን ልብ ለሚመለከተው ሌላ ትምህርት ይገኝበታል፤ በየቀኑ ከ12 ሰዓት በላይ ያለ ትምባሆ ወሩን ሙሉ መዋል የቻለ ሰው «ለአንድ ቀን እንኳ መተው አይሆንልኝም» ቢል ማን ያምነዋል?

የተማረ ሰው ከዚህ ስሕተት ይድናል የሚል ቢኖር የሲግመንድ ፍሮይድን ታሪክ ይመልከት። ይህ የቪየና ሐኪም የሰውን የውስጥ ስሜት በመመርመር በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው። በ1894 እ.ኤ.አ. የልቡ ምት ስለ ተዛባበት ወዳጁ ሐኪም ቪልሄልም ፍሊስ ትምባሆ እንዲተው አዘዘው። በተወም ጊዜ ትካዜ ወደቀበት፤ ጭንቀቱንም ለዚሁ ወዳጁ በደብዳቤ እየጻፈ ገለጠለት። ብዙም ሳይቈይ ወደ ሲጋሩ ተመለሰ። በ1923 እ.ኤ.አ. በአፉ ውስጥ ካንሰር ተገኘበት፤ በ1939 እ.ኤ.አ. በሎንዶን እስከ ሞተ ድረስም ከ30 ጊዜ በላይ በቀዶ ጥገና ታከመ። የሌላውን ሰው ትካዜ ምንጭ ለመፈለግ ዕድሜውን የሰጠ ሐኪም የራሱን ሲጋር መተው ሳይሆንለት መቅረቱ የሚያሳዝን ነገር ነው።

አሁን ዋናው ቃል ይህ ነው፤ ያ ቍጣና ያ ትካዜ ቀን የተቈረጠለት ነው። የመጨረሻው ሲጃራ ከተጠጣ በኋላ አንድ ቀን ሳይሞላ ይጀምራል፤ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ይልቁንም በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ይበረታል፤ ከዚያም ወዲያ እየሳሳ ሄዶ ለብዙው ሰው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይለቃል። ያች ሚስት ቃሏን የተናገረችው እንግዲህ ጭንቁ ከጫፍ ደርሶ ሊመለስ በተቃረበበት ቀን ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል በተባለው የሐኪሞች መጽሔት የታተመ ምርመራ 26 ጥናቶችን በአንድነት ሰብስቦ ተመልክቶ ነበር። ትምባሆን የተዉ ሰዎች ያ የጭንቅ ጊዜ ካለፈ በኋላ መጠጣታቸውን ከቀጠሉት ይልቅ ትካዜያቸውና ሥጋታቸው እንደ ቀነሰ፣ ደስታቸውም እንደ ጨመረ ተገኝቷል። ይህም ቀድሞ የአእምሮ ሕመም በነበረባቸው ሰዎች ላይ ሳይቀር ታይቷል።

ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በዘመናቸው ትምባሆን በብርቱ እንደ ከለከሉ ይታወቃል። ክልከላ ሰውን ከትምባሆው ይለየው ይሆናል፤ በ3ኛው ቀን ከራሱ ልጅ ጋር እንዴት እንዲውል ግን አይነግረውም። በአገራችን ደግሞ ትምባሆ የሚጠቀመው ሰው ከሌሎች ብዙ አገሮች ጋር ሲመዛዘን ጥቂት ነው፤ በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው ጥናት ከ100 ዐዋቂዎች 5 ያህሉ ሆነው ተገኝተዋል። ይህ መልካም ዜና ነው፤ ነገር ግን የሚተወው ሰው ጭንቁን በራሱ ያየ ጎረቤት አያገኝምና ጠባዩ ተበላሸ እየተባለ ብቻውን ይቀራል።

ስለዚህ ለመተው ያሰበ ሰው አስቀድሞ የቤቱን ሰዎች ሰብስቦ ሊነግራቸው ይገባል። «ከሰኞ ጀምሮ ለጥቂት ጊዜ ቍጡ እሆናለሁ፤ በእናንተ ተከፍቼ አይደለም፤ ሂድና ጠጣ ብቻ አትበሉኝ» ቢላቸው ይህ ቃል ከብዙ መድኃኒት ይጠቅማል። ለሥራ ጓደኞቹም እንዲሁ ይንገር። ቀኑንም መምረጥ ይገባዋል። ሒሳብ የያዘ ሰው የመንግሥት በጀት በሚዘጋበት በሰኔ መጨረሻ፣ ወይም ቤተ ዘመድ ለቅሶ ላይ ባለበት ሳምንት ልተው ቢል በራሱ ላይ ሁለት ሸክም መጫኑ ነው። ንዴቱ በመጣ ጊዜም ከሰው ጋር መከራከር አይበጅም፤ «ነገ እንነጋገርበታለን» ብሎ ከክፍሉ መውጣት ይሻላል። የትምባሆ አምሮት ሲነሣ የሚጸናው ለጥቂት ደቂቃ ነውና በዚያች ጊዜ ፈጠን ብሎ መራመድ አምሮቱንም ንዴቱንም ያበርዳል። የአዲስ አበባ ሰው ከአራት ኪሎ ተነሥቶ ስድስት ኪሎ እስኪደርስ ድረስ ዳገቱን በእግሩ ቢወጣ አምሮቱ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ይቀራል።

በእኛ አገር ግን ከሌላው አገር ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ቡና ነው። ኒኮቲኑ ሳይሆን የትምባሆው ጢስ ጉበትን ያነሣሣና በቡና ውስጥ ያለውን ካፌይን ከልክ በላይ ቶሎ እንዲያጠፋ ያደርገዋል። በዚህ ምክንያት ትምባሆ የሚጠጣ ሰው ብዙ ሲኒ ቡና ጠጥቶ ብዙም አይሰማውም። ትምባሆውን በተወ ጊዜ ጉበቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ተፈጥሮው ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ያው የለመደው ሲኒ፣ አንድም ሳይጨምር፣ በደሙ ውስጥ ያለውን ካፌይን ከእጥፍ በላይ ሊያደርሰው ይችላል። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ልቡ ይደልቃል፤ ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል፤ ጧትም ተነጫንጮ ይነሣል። እርሱ ግን «ይህ ሁሉ ሲጃራ በማጣቴ ነው» ይላል፤ ከመከራው ግማሹን ያመጣው ጀበናው መሆኑን አይጠረጥርም። ስለዚህ በእነዚያ ሳምንታት ቡናውን በግማሽ መቀነስ ይገባል። አቦሉን ከጎረቤት ጋር ጠጥቶ ቶናና በረካውን ለሌላው ቢተው የሚቀየመው አይኖርም፤ ከቀትር በኋላ የሚጠጣውን ግን ጨርሶ ቢያስቀር ለእንቅልፉ ይበጀዋል። ቡናንም በአንድ ቀን ፈጽሞ ማቆም አይመከርም፤ እርሱም በተራው ራስ ምታትና ንጭንጭ ያመጣልና። ከዚህም በቀር ክሎዛፒን ወይም ኦላንዛፒን የተባሉትን የአእምሮ መድኃኒቶች፣ ወይም ለአስም የሚሰጠውን ቴኦፊሊን የሚወስድ ሰው በዚያው በጉበት ምክንያት መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ሊበዛበት ስለሚችል፣ ትምባሆ የሚተውበትን ቀን አስቀድሞ ለሐኪሙ መንገር አለበት።

ስለ ጫት ብዙ አንናገርም። ጫት ሲቅሙ ሲጃራ የሚያበዙ ብዙዎች መሆናቸውን፣ ምርቃናውም ሲያልፍ የራሱን ድብርት ጥሎ እንደሚሄድ የሚቅም ሁሉ ያውቃል። ሲጃራውን ትቶ በጫት እጽናናለሁ የሚል ሰው አንዱን ትካዜ በሌላው ላይ ይከምራል፤ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ የጨመረበት እንደሆነ ደግሞ በመጠጥ ቤት ሲጃራ የሚሰጠው ወዳጅ አያጣም።

ጭንቁ የበረታበት ሰው ባዶ እጁን ሊታገል ግዴታ የለበትም። በቆዳ ላይ የሚለጠፍና እንደ ማስቲካ የሚታኘክ፣ ጢስ የሌለበት ኒኮቲን ተሠርቷል፤ ይህም በሮቹን በጥቂት በጥቂቱ እያስታገሠ ንዴቱን ያቀልለታል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን በ2009 እ.ኤ.አ.፣ ቡፕሮፒዮንና ቫሬኒክሊን የተባሉትን እንክብሎች ደግሞ በ2021 እ.ኤ.አ. ከአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ጨምሯቸዋል። እነዚህ እንክብሎች አእምሮን ያውካሉ የሚል ፍርሃት ነበረ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው መጽሔት የታተመው፣ ከ8 ሺህ በላይ ሰዎች የተመረመሩበት ጥናት ግን መድኃኒት የሌለበት እንክብል ከወሰዱት ሰዎች ይልቅ ይህን ያህል የበለጠ ጕዳት እንዳላመጡ አሳይቷል። ሆኖም ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወሰዱ አይደሉም።

እስካሁን የተናገርነው ስለሚያልፈው ትካዜ ነው። የማያልፍም አለ፤ በተለይ ቀድሞ በከባድ የመንፈስ ጭንቀት ታምሞ የነበረ ሰው ትምባሆን በሚተውበት ጊዜ ሊጠነቀቅ ይገባዋል። ንዴት ለሰው ሁሉ ስለሚታይ ቤተ ሰብ ቶሎ ያውቀዋል፤ ዝምታን ግን ልብ የሚለው ጥቂት ነው፤ እንዲያውም «ተመስገን፣ ዛሬስ አልተቈጣም» ተብሎ ይታለፋል። ሰውየው ቀኑን ሙሉ ቢያዝን፣ ከዚህ ቀደም ደስ ይለው የነበረው ነገር ሁሉ ጣዕም ቢያጣበት፣ ይህም 2 ሳምንት አልፎ ሳይቀንስ ይልቁንም እየባሰ ቢሄድ፣ ይህ ለትዕግሥት የሚተው ጕዳይ አይደለም። መኖርን ቢጠላ ወይም ስለ ሞት ቢናገር ደግሞ 2 ሳምንት ቀርቶ 2 ቀንም አይጠበቅም፤ በዚያኑ ዕለት ሰው አብሮት ሆኖ ወደ ሐኪም ሊወሰድ ይገባል። በአዲስ አበባ የአማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል አለ፤ በሌላም ስፍራ ያለ ሰው በአቅራቢያው ካለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይጀምር። በሄደም ጊዜ ትምባሆ የተወበትን ቀን ለሐኪሙ ይንገረው፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ያለፉትን ሳምንታት በመቍጠር ሐኪሙ የሚያልፈውን ትካዜ ከማያልፈው ለመለየት ይረዳዋልና።