ኳሷ እንጀራ የምትሆነው እንዴት ነው?

በአፋሯ ሚሌ ከተማ ውስጥ የጠረጴዛ ቴኒስ የምናጫውተው ማታ ማታ ነው። ኳሷ 2.7 ግራም ብቻ ስለምትመዝን ውጭ ነፋሱ አያስጫውትም፤ ቤት ውስጥም ማራገቢያ ከተከፈተ መንገዷን ትስታለች። ስለዚህ ማራገቢያው ይጠፋል፣ መስኮቱ ይዘጋል፣ ልጆቹ በላብ ተነክረው ይጫወታሉ። ከመካከላቸው አንዲት ግራኝ ተማሪ አለች። ራኬቷን ከታች ወደ ላይ እየሳበች ኳሷን ጫፏን ብቻ ትነካታለች፤ ኳሷም መረቡን አልፋ ጠረጴዛው ላይ ስታርፍ ድንገት ወደፊት ትስፈነጠራለች። ማንም አላስተማራትም። በቀደም «ጋሼ፣ በዚህ እንጀራ ይበላል እንዴ?» አለችኝ። ጥያቄዋ ሙሉ መልስ ይገባዋል።

እኔ የከባድ መኪና መካኒክ ነኝ። ራኬት የጨበጥኩት በወጣትነቴ ለትምህርት ሶቪየት ኅብረት ሄጄ፣ በተማሪዎች መኖሪያ ምድር ቤት ነው። እዚያ ያየሁት ትልቁ ነገር የልጆች አያያዝ ነበር፤ መንግሥት የስፖርት ትምህርት ቤት ይከፍታል፣ አሰልጣኙ ደመወዝተኛ ነው፣ ልጁ ገና በሕፃንነቱ ይጀምራል። ዞያ ሩድኖቫና ስቬትላና ግሪንበርግ እ.ኤ.አ. በ1969 ሙኒክ ላይ የዓለም የሴቶች ጥንድ ሻምፒዮን ሆኑ፤ የሴቶች ቡድኑንም ወርቅ ለአገራቸው አስገኙ። ቻይና ያኔ በባህል አብዮቷ የተነሳ አልተካፈለችም። ዕድሉ ሲመጣ ግን የተዘጋጀ ሰው ነበራቸው።

ሶቪየት ከፈረሰች በኋላ የሩሲያ ተጫዋች ኑሮ በክለብ ላይ ቆመ። እዚህ ላይ የኦረንበርግን ታሪክ ልብ እንበል። ኦረንበርግ ከሞስኮ በጣም የራቀች፣ በካዛክስታን ድንበር አጠገብ ያለች ከተማ ናት። የጋዝ ኩባንያው ጋዝፕሮም ክለቧን ደገፈ። ከቤላሩስ ቭላዲሚር ሳምሶኖቭ፣ ከጀርመን ዲሚትሪ ኦቭቻሮቭ፣ ከጃፓን ጁን ሚዙታኒ መጥተው ተጫወቱላት፤ የአገሩ ልጅ አሌክሳንደር ሺባዬቭም ከእነሱ ጋር ተሰለፈ። ክለቡ እ.ኤ.አ. በ2012፣ በ2013፣ በ2015፣ በ2017 እና በ2019 የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግን አሸነፈ። ያቺን ሩቅ ከተማ ለዚህ ያበቃት በየወሩ የሚከፈል ደመወዝ ነው።

ይህ እንጀራ ግን ከጠረጴዛው ውጭ ባለ ነገርም ሊቋረጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2022 ከዩክሬን ጦርነት በኋላ የዓለም ፌዴሬሽን የሩሲያና የቤላሩስ ተጫዋቾችን ከውድድሮቹ አገደ። የተጫዋች ምርጥ ዕድሜ አጭር ነው፤ በእገዳ ያለፈ ጊዜ አይመለስም።

ወደ አህጉራችን ስንመጣ ናይጄሪያዊው ኳድሪ አሩና አለ። በሪዮ 2016 ኦሊምፒክ ሩብ ፍጻሜ የደረሰ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተጫዋች ነው። ኑሮውን የመሠረተው በአውሮፓ ክለቦች ነው፤ በፖርቱጋል ለስፖርቲንግ፣ በጀርመን ለፉልዳ ተጫውቷል። ስለዚህ ለልጅቷ «አዎ፣ ይበላል» ብያታለሁ፤ መንገዱ በክለብ በኩል እንደሚያልፍም አልደበቅኋት።

የእኛስ አገር? በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የአፍሪካ ሻምፒዮና አዲስ አበባ ላይ ተካሂዷል። የአህጉሩ ምርጦች ቤታችን ድረስ መጥተው ተጫውተዋል ማለት ነው። ሚሌ ያለ ልጅ ግን ያንን ውድድር ለማየት እንኳ ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ መጓዝ አለበት፤ ከዚያ ተመልሶ የሚለማመድበት በቂ ቦታም የለውም።

የሚያስፈልገው ነገር ትልቅ አይደለም። 2.74 ሜትር ርዝመት ያለው ደንበኛ ጠረጴዛ፣ ነፋስ የማያስገባና ጣሪያው ከፍ ያለ አዳራሽ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በደመወዝ የተቀጠረ አሰልጣኝ። እኔ ማታ ከጋራዥ ወጥቼ የማሳየው መሠረቱን ብቻ ነው፤ ተፎካካሪ የሚያደርገውን ስልት የሚያስተምር ባለሙያ ያስፈልጋል።

ከጅቡቲ ወደብ የሚመጣው ጭነት በዚህች ከተማ በኩል ያልፋል። ባለ ትራንስፖርቶችም፣ ባለ ነዳጅ ማደያዎችም፣ ባለ ሆቴሎችም ከዚህ መንገድ እየተጠቀሙ ነው። ተባብረው የአንድ አሰልጣኝ ደመወዝ ቢችሉ ሚሌ ክለብ ይኖራታል። ከሠመራ፣ ከሎግያና ከአዋሽ ጋር የሚጋጠም ክለብ ከተፈጠረ የክልል ውድድር ይጀመራል፤ ከክልል ውድድር የብሔራዊ ቡድን ተጫዋች ይወጣል። ባለሀብቶቻችን በዚህ ዓመት ቁጭ ብለው እንዲመክሩበት እጠይቃለሁ፤ እኔም አዳራሹ ሲሠራ በጉልበቴ ቀዳሚ እሆናለሁ።