ከፊት የተያዘ ተሳቢ

ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ የሚነዳ ሰው ጭነት ሲደለድል ዐይኑ ከጎማዎቹ አይነቀልም። ሸክሙ ወደ ፊት ካደላ የፈረሱ ጀርባ ይጎብጣል፤ ወደ ኋላ ካደላ ደግሞ ዘንጉ ሽቅብ ተነሥቶ ፈረሱን በሆዱ ጠፍር ያንጠለጥለዋል። በስዊዘርላንድ፣ በዙሪክ ካንቶን ገጠር ገልባጭ ተሳቢ የሚያዛውር ገበሬም የሚጋፈጠው ይህንኑ ሚዛን ነው፤ በፈረሱ ቦታ ትራክተር ቆሟል።

ተሳቢ እንደ ስሙ ከኋላ ይሳባል። በጠባብ ግቢ ወደ ኋላ እየገፉ መጋዘን ማስገባት ግን አንገት ያደክማል፤ ተሳቢውም መሪው ከዞረበት በተቃራኒ ይሄዳል። ስለዚህ ትራክተሩ ከፊት ሎደር (የማንሻ ክንድ) ያለው ሰው ክንዱ ላይ የመሳቢያ ጋንቾ ይገጥምና ተሳቢውን ፊት ለፊት እያየ ያስገባዋል። መሪው የሚያዞራቸው የፊት ጎማዎች ለጋንቾው ስለሚቀርቡ የተሳቢው አፍንጫ ወዲያው ይታዘዛል።

አደጋው የሚመጣው ከክብደቱ ነው። ተሳቢው ጋንቾው ላይ 250 ኪሎ ያሳርፋል እንበል፤ ጋንቾው ከፊት አክስል 2 ሜትር ቀድሞ ይገኛል፤ በሁለቱ አክስሎች መካከልም 2 ሜትር አለ። የፊት አክስሉ 500 ኪሎ ይጨመርበታል፣ ከኋላ ጎማዎች 250 ኪሎ ይቀነሳል። በብዙ ትንንሽ ትራክተሮች ላይ ፍሬኑ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው። እነሱ ሲቀሉ የመያዝ አቅማቸው አብሮ ይቀላል፤ ቁልቁለት ላይ ሹፌሩ ፔዳሉን ቢረግጥም ጎማዎቹ ቆመው ትራክተሩ ይንሸራተታል። ከኋላ የኮንክሪት ክብደት መስቀል፣ የፊት ጎማዎችንም ከኋላዎቹ ጋር አያይዞ በዝቅተኛ ማርሽ መንዳት ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ተሳቢው ባዶ፣ ሣጥኑም የወረደ ይሁን። ጋንቾው ባልዲው ከንፈር ላይ በብሎን ከሚታሰር ይልቅ በባልዲው ምትክ ክንዱ ላይ የሚገባ ጠንካራ ብረት ላይ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ከንፈሩ ለጎን ግፊት አልተሠራምና ይጣመማል። የተሳቢው እግር ከመሬት እስኪላቀቅ ብቻ ማንሣት ይበቃል። ከክንዱ ሥር እጅም እግርም አይገባም፤ የሃይድሮሊክ ቱቦ ከፈነዳ ክንዱ ሳያስጠነቅቅ ይወርዳል።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ጄኔቭ ላይ ያጸደቀው የግብርና ደኅንነትና ጤና ስምምነት፣ ቁጥር 184፣ በ10ኛው አንቀጹ የእርሻ ማሽን ለተሠራበት ሥራ ብቻ እንዲውል ይጠይቃል፤ ሌላ አጠቃቀም ካለ አደጋ የሌለው መሆኑ አስቀድሞ መመዘን አለበት፤ የሚነዳውም የሠለጠነ ሰው ይሁን ይላል። ሎደር የተሠራው አፈርና ፍግ ለማንሣት ስለሆነ፣ ተሳቢ ከማንጠልጠል በፊት የአምራቹን መመሪያ መክፈት ግድ ነው። በስዊዘርላንድ ደግሞ የ14 ዓመት ልጅ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የእርሻ ትራክተር ለመንዳት መንጃ ፈቃድ ማውጣት ይችላል። ይህን የክብደት ነገር አንድ አዋቂ እዚያው ትራክተሩ ላይ አስቀምጦ ሊያሳየው ይገባል እላለሁ።

አስፋልት ሌላ ነው። የአገሩ ደንብ ከመሪው መሃል እስከ ተሽከርካሪው ፊት ጫፍ ያለውን ርቀት በመሠረቱ በ3 ሜትር ይወስናል፤ ለእርሻ መሣሪያዎች የተለዩ ፈቃዶች ቢኖሩም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ መስቀለኛ መንገድ ላይ ሹፌሩ ግራና ቀኙን ከማየቱ በፊት አፍንጫው መንገድ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ከግቢው በር ሳይወጣ ጎማዎቹ በታኮ ይያዛሉ፣ ተሳቢው ከሎደሩ ይፈታል፣ ትራክተሩ ዞሮ በኋላው ይቀርባል። ፔርኖው ይገባል፣ ሰንሰለቱ ይታሰራል፣ የመብራቱ ገመድ ይሰካል፤ ታኮው መጨረሻ ላይ ይነሣል።